ማሰሪያ፦ ይጠብቃል

ማክሰኞ ከሰዓት እቴቴ የተጠገነውን ሻንጣ እየጎተተች ስትገባ ልቤ ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ደረሰ። ሰላም እንኳ ሳልላት ከእጇ ተቀብዬ ወደ መኝታ ክፍሌ ወሰድኩትና የውስጥ ኪሱን ከፈትኩ። ባዶ ነው። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ጥጋጥጉን ሁሉ ዳበስኩ። አንዲት የክር ቁራጭ በጥፍሬ ተንጠልጥላ ወጣች እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም።

እዚያ ኪስ ውስጥ አራት ገጽ ደብዳቤ አስቀምጬ ነበር የላክሁት። ደብዳቤው ተወስዷል፤ በምትኩ የተቀመጠ ነገር የለም።

«ደግሞ ምን ጠፋብሽ?» አለች እቴቴ በሩን ተደግፋ።

«ምንም።»

«ምንም የጠፋበት ሰው እንዲህ አይበረብርም።» እጀታው ላይ በክር የታሰረችውን የጥገና ወረቀት ወደ ዓይኗ አስጠግታ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ዚፕ፦ ተቀይሯል። ጎማ፦ ተቀይሯል። እጀታ፦ ተጠግኗል። ማሰሪያ፦ ይጠብቃል። እሰይ፣ እጁ አይንቀጥቀጥ። ሥራውንስ ያውቃል፤ አርፎ ሥራውን ብቻ ቢሠራ ነበር ጥሩ።»

እቴቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ነች፤ ያገኘችውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ስለምትቋጥር ጎረቤቱ «ቋጠሮ» ይላታል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ምርቃቷን ልብ አላልኩትም። አራት ገጽ አልቅሼ ጽፌ፣ ዓመት ተኩል የወደድኩት ሰው ማሰሪያው ጥብቅ ነው ብሎ መለሰልኝ። ጥያቄዬ ስለ ማሰሪያ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ለአራት ዓመት ባሕር ማዶ ልሄድ ነው፤ ትጠብቀኛለህ ወይስ አትጠብቀኝም ነበር ያልኩት። አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

የምወደውን ሰው ሐኪሙ እላችኋለሁ፤ ሰፈሩም እንደዚያ ነው የሚጠራው። ሁለት ሜትር የማይሞላ ሱቁ በር ላይ «የሻንጣ ሐኪም» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። የቦርሳዬን ማንገቻ ላሰፋ የገባሁ ቀን ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ምን ተሸክመሽበት ነው?» አለኝ። መጽሐፍ ነው አልኩት። «ማንገቻውን እኔ እጠግነዋለሁ፤ ትከሻሽን ማን ይጠግነዋል?» ብሎ ያን ጊዜ ቀና አለ። እኔ እንግዲህ ያን ጊዜ አለቀልኝ።

እቴቴ በስልክ ሳወራ «ሐኪሙ» ስል ሰምታ፣ ልጅቷ ሐኪም ይዛለች ብላ ለአባዬ ሹክ አለችው። ሁለት ወር ሙሉ ቤታችን ውስጥ ልዕልት ሆንኩ። ሳህን አታጠቢ ተባልኩ። አባዬ የጉልበቱን ሕመም እንዳማክርለት ልኮኝ፣ ሐኪሙ ጋ ሄጄ ስነግረው «እኔ ጎማ ነው የምቀይረው በይው» ብሎ ተንከተከተ። ቀልዱ ግን ዕድሜ አልነበረውም። እውነቱ ሲወጣ አባዬ አልጮኸም። ሠላሳ አራት ዓመት ሰዋስው ያስተማረ ሰው ነውና ሲቆጣ ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል። «ይቅር» አለ። ከዚያ ወዲያ የሐኪሙ ነገር በቤታችን አልተነሳም።

ሌላውን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የውሃ ምህንድስና የትምህርት ዕድል ማግኘቴን የሚገልጸው ወረቀት ሲደርሰኝ ለሐኪሙ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልነግረው ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል ከደንበኛ አፍ ሰማው። «ሻንጣ ልታሠሪ ስትመጪ ልትነግሪኝ ነበር?» አለኝ፤ ስልኬንም ማንሳት ተወ። ስለዚህ የአባዬ የድሮ ሻንጣ ዚፑ ሲበጠስ፣ እቴቴም «ከሱ የተሻለ የሚጠግን የለም፤ እኔ እወስደዋለሁ፣ አንቺ ግን እግርሽ እንዳይረግጥ» ስትል፣ ደብዳቤዬን ኪሱ ውስጥ ሸሸግኩ።

የመጣልኝ መልስ ይኸው ነበር። ረቡዕና ሐሙስ ቂሜን ይዤ ልብስ አጠፍኩ።

አርብ ከሰዓት ሦስታችንም ሳሎን ውስጥ ነበርን። ሻንጣው ወለሉ ላይ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ ሶፋው በሹራብ፣ በካልሲ፣ በመድኃኒት፣ በመርፌና ክር ተሸፍኗል። እቴቴ ተንበርክካ ትሞላለች። እኔ የማልፈልገውን አወጣለሁ፤ ዞር ስል ተመልሶ ገብቶ አገኘዋለሁ።

«እቴቴ፣ ድስት?»

«ትንሽዬ ናት።»

«እዚያ ድስት የለም እንዴ?»

«ያንቺ ድስት የለም» አለች፤ ሁለት ፎጣ ጠቀለለችበትና ከሥር ቀበረችው።

የተፈቀደልን ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። የመዘነው አባዬ ነው። የሻንጣ ሚዛን ስለሌለን ሻንጣውን ታቅፎ የሰው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ እቴቴ አጎንብሳ ቁጥሩን ታነባለች፤ እሱ የራሱን ይቀንሳል። «ዘጠና ሦስት» አለች። «ሰባ አንድ ኪሎ ነኝ፤ ሻንጣው ሃያ ሁለት ነው» አለ እያለከለከ። «አንድ ኪሎ ይቀረናል።»

እቴቴ ግን ሻንጣውን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ሃያ ሁለት አይደለም። ወገቤ ያውቃል። እስቲ ባዶህን ውጣ።»

«ሰባ አንድ ነኝ አልኩሽ።»

«ውጣ እንጂ ምን ቸገረህ?»

ወጣ። ስልሳ ስምንት።

ሻንጣው ሃያ አምስት ነበር ማለት ነው። ማንም ስለ ሻንጣው አልተናገረም። ወረቀቴ ከመጣ ወዲህ ማታ ማታ ራቱን ገፋ ሲያደርግ አይቼዋለሁ፤ የምግብ ፍላጎቴ ተዘጋ ሲል ሰምቼዋለሁ። ሦስቱ ኪሎ የት እንደሄደ ሦስታችንም ገባን። አባዬ ከሚዛኑ ወርዶ «ሚዛኑ አርጅቷል» አለ፤ እቴቴም ለወጉ ያህል «አርጅቷል» አለችለት።

«እንግዲህ ሁለት ኪሎ ይውጣ» አለ አባዬ። ሻንጣውን ወደ ራሱ ሲስብ እጀታው ላይ የተንጠለጠለችውን የጥገና ወረቀት አየ። ሊበጥሳት ያዛት፤ ከዚያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ አራቅ አድርጎ አነበባት። ለአባዬ የተጻፈ ነገር ሳያነቡ መጣል ነውር ነው።

«ጎሽ» አለ በምሬት። «ሰውዬሽ ሻንጣ ብቻ ሳይሆን ውሸትም ይጠግናል ለካ። ማሰሪያ፦ ይጠብቃል ይላል። የምን ማሰሪያ? የዚህን ሻንጣ ማሰሪያ ዱሮ እኔው በመቀስ ቆርጬ ደብተሮቼን አስሬበታለሁ። የሌለ ነገር ይጠብቃል? የነገርኩሽ ይህን ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው...»

ጣቱን ወደ እኔ እንደቀሰረ ቆመ።

መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዳት። «ተቀይሯል፣ ተቀይሯል፣ ተጠግኗል» አለ ለራሱ፤ ድምፁ የክፍል ውስጥ ድምፁ ሆነ። «ሦስቱም ተሠርቶ ያለቀ ነው። አራተኛው ብቻ ያላለቀ። እህቴ፣ አንቺ ይህን እንዴት ነው ያነበብሽው?»

«እንዴት አነባለሁ? እንደተጻፈው ነዋ። ማሰሪያው ይጠብቃል፣ አይላላም።»

«ላልቶ አነበብሽው። ላልቶ ከተነበበ ደግሞ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ማሰሪያ ከሌለ...»

ቃሉን ደግሞ አነበበው። አሁን ግን «ብ»ን ረገጥ አድርጎ አጠበቃት። ያው ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልተጨመረበትም። ስለ ማሰሪያ መናገሩን ግን ተወ፤ ሰው ሰውን የሚጠብቀው መጠበቅ ሆነ።

አባዬ ካነበበው በኋላ ነው የገባው። ከአፉ ወጥቷልና ሊመልሰው አልቻለም። እቴቴ ካልሲ እንደያዘች ቀረች። እኔ ሻንጣው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ደብዳቤዬን የጨረስኩበት ዓረፍተ ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «ለመሆኑ ሰው ሰውን አራት ዓመት ሙሉ ይጠብቃል?» ብዬ ነበር። የጠየቅኩትን ራሱን ቃል መልሶ ጽፎልኛል። ሻንጣውን እቴቴ እንደምትወስደው፣ ወረቀቷን ማንም እንደሚያያት ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ሊያነበው በሚችለው ቦታ ላይ እኔ ብቻ የማነበውን ጻፈ። እኔ ደግሞ አላነበብኩትም። በእቴቴ አፍ ሰምቼ ሦስት ቀን ተቀየምኩት።

«ደብዳቤ ጽፈሽለታል» አለ አባዬ። መጠየቁ አልነበረም።

«ጽፌለታለሁ።»

«ይሄን ምሳሌ...» ወረቀቷን እንደገና አያት። «ይሄን ምሳሌ ሠላሳ አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ሲያላሉት ጥብቅ ይሆናል፣ ሲያጠብቁት ሰው ይጠብቃል፤ ልጆቹ ይስቁ ነበር። ይህ ልጅ የት ነው የተማረው?»

«አንተ ጋ። ስምንተኛ ክፍል ሆኖ አባቱ ሞተበትና አቆመ። ልነግርህ ስል ይቅር አልከኝ።»

የአባዬን ፊት ሳይ ወረቀቷን ቀዶ ይጥላታል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታትና ኮቱንና ከዘራውን ከወንበሩ ላይ አነሳ።

«ሱቁን ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«አሥራ አንድ ተኩል።»

የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ከአሥር ይላል። «ጫማሽን አድርጊ» አለኝ።

«ሻንጣውስ?» አለች እቴቴ። «ሁለት ኪሎ ይወጣል እያልክ!»

«ድስቱን አውጪው።»

«ድስቱን ከማወጣ የሷን ደብተሮች አወጣለሁ» ስትል በሩን ዘግተን ወጣን።

መንገዱ ለወትሮው የአሥር ደቂቃ ነው። በአባዬ ጉልበት ግን ስንት እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። ደወልኩ፤ ሐኪሙ አያነሳም። እንደገና ደወልኩ። አባዬ በየመብራት ምሰሶው ሥር ቆም ይላል፤ ጉልበቱን ያሻል፤ ይቀጥላል። እኔ መሮጥ አማረኝ፤ እግሬ አልታገስ አለኝ። ነገ ይህን ጊዜ ሰማይ ላይ ነኝ። ዛሬ ካላገኘሁት በስልክ የምነግረው ነገር አይደለም፤ ቢነግሩትም አያምንም።

«ቅደሚኝ» አለ አባዬ።

«አልቀድምህም።»

«ሂጂ አልኩሽ፣ ይዘጋል።»

«አብረን ነው የምንሄደው አባዬ» አልኩና ክንዱን ያዝኩ። ኮቱ ውስጥ ክንዱ ቀጥኖ ተሰማኝ። የሚሸኘኝ እሱ ቢመስልም ደግፌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱን ትቼ የምሄደው ነገ መሆኑ ትዝ ሲለኝ እርምጃዬን የበለጠ አዘገየሁ።

ስንደርስ የሱቁ ቆርቆሮ መዝጊያ ግማሽ ወርዷል። ከሥሩ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ስልኩን ያላነሳው ለካ ለዚህ ነው። አባዬ በከዘራው መዝጊያውን ኳ ኳ አደረገው። መኪናው ቆመ፤ መዝጊያው ወደ ላይ ተገፋ። ሐኪሙ ክሩን በጥርሱ ይዞ እኔን አየ፤ ከዚያ ከጎኔ ያለውን ሰው አየ። ክሩን ከአፉ አወጣና እጁን በሽርጡ ጠርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ልክ እንደ ተማሪ።

«መምህር» አለ።

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው?»

«አራተኛው። መስኮቱ ሥር።»

«አላስታወስኩህም» አለ አባዬ። «ስትቀርም የት ገባ ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።» ወረቀቷን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከዚፕ ቁርጥራጩ መሀል አስቀመጣት። «ጽሕፈትህ እንደሆነ ለማንበብ ያስቸግራል። ቃሉን ግን አልሳትከውም።» ይህን ብሎ ወጣና በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ሁለታችን ቀረን። በሙጫና በቆዳ ሽታ መሀል፣ ባለቤት ባጡ ሻንጣዎች ተከበን ቆምን። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ከማክሰኞ ጀምሮ መንገዱን ሳይ ነበር» አለ ሐኪሙ። «ሻንጣ ይዞ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አንቺ ነሽ እያልኩ። ረቡዕ ሳትመጪ ሥራ በዛባት አልኩ። ሐሙስም ሳትመጪ አንብባ ተወችው አልኩ።»

«እቴቴ ናት ያነበበችልኝ። አላልታ።»

ለአፍታ አልገባውም። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሊስቅ ጀመረና መሀል ላይ ድምፁ ተሰበረ። «አራት ገጽ ጽፈሽ ማሰሪያው ጥብቅ ነው የምልሽ መሰለሽ?»

«ተናድጄ ነበራ። አንተስ? እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቃል ይመለሳል?»

«ሌላ ቃል ብጨምር ያንቺ አክስት ቋጥራ ታስቀረው ነበር።»

ሳቅኩ፤ ስስቅ እንባዬ መጣ። እጄን ያዘኝ። ጣቶቹ በመርፌ የተበሳሱ፣ ሻካራ፣ ትኩስ ናቸው። በእነዚያ ሦስት ቀናት ልናወራው የምንችለውን ሁሉ አሰብኩ፤ እንደ እሳት አቃጠለኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት አየሁት፤ ሊናገር ፈልጎ ምራቁን ዋጠ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምንም። ተይው።»

«ነገ እሄዳለሁ። የምትለኝ ካለ ዛሬ በለኝ።»

እጄን አልለቀቀም፤ ዓይኑን ግን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። «ደብዳቤሽን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ትወጂኛለሽ፤ አምኜሻለሁ። ሳትነግሪኝ በመቅረትሽ ይቅርታ ብለሻል፤ ይቅር ብያለሁ። እጠብቅ እንደሆነ ጠይቀሻል፤ መልሻለሁ። ግን እመለሳለሁ የሚል ቃል ፈለግኩ። አራቱንም ገጽ ገለባበጥኩት፤ አጣሁት።»

አለ፤ አንድ ቦታ ላይማ ይኖራል ልለው ነበር። ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልቤ ወለል አድርጌ አነበብኩት። የለም። መናፈቄ አለ፤ መፍራቴ አለ፤ ትጠብቀኛለህ ወይ አለ። መመለሴ የለም። የረሳሁት አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ቤታችን ውስጥ ስለ ካልሲና ስለ ኪሎ ሲወራ ያችን ቃል ማንም አላነሳትም፤ እኔም ሳልመረምራት እየዞርኳት ነው የኖርኩት። ሌላውን ሰው ቃል አስገባሁ፤ የራሴን ቃል ግን ሳልሰጥ ልሄድ ነበር።

«ባትይኝም እጠብቅሻለሁ» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «የጻፍኩትን ጽፌያለሁ። ብትይኝ ግን ቀኑ ይቀለኝ ነበር።»

«እመለሳለሁ» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። በሩ ላይ የአባዬ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ መነጽሩን አወለቀ፤ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ዛሬም ሻንጣዬን ታቅፎ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ የሚጠብቀው ይህችኑ ቃል ነበር፤ እሱም እንደ ሐኪሙ ሊጠይቀኝ አልደፈረም።

«እመለሳለሁ» አልኩ ደግሜ፤ አሁን ለሁለቱም።

ሐኪሙ አመነኝ። አባዬም አመነኝ፤ ከትከሻው አወራረድ አወቅኩት። እስከዚያች ሰዓት ስፈራ የኖርኩት ሐኪሙ አይጠብቀኝም ብዬ ነበር። እጁን እንደያዝኩ፣ አባቴ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምፈራው ራሴን ሆነ።